ማዕረግና ክንድ፦ ስለ መሪዎችና ስለ ውጊያ ችሎታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ጅሬን እወጣለሁ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳ ላይ ቆመን ከተማዋን ቁልቁል ስናይ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ቲቸር፣ ንጉሡ ራሳቸው ይዋጉ ነበር?» ይሉኛል። ይኸው ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ቡና ስንጠጣም፣ ባጃጅ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም ይገጥመኛል። የሚሾመው ጎበዝ ተዋጊ ነው? ወይስ ሰው ከተሾመ በኋላ ነው ጎበዝ የሚባለው? ብዙ ጊዜ የተጠየቅኩትን ከነመልሱ እዚህ አስቀምጫለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

የድሮዎቹ ማዕረጎች እውነት የውጊያ ማዕረጎች ነበሩ?

አዎ። ስማቸውን ልብ ብላችሁ አድምጡት። ፊታውራሪ ከፊት የሚሄደውን ጦር የሚመራ ነው። ቀኛዝማች ቀኙን ክንፍ ይይዛል፣ ግራዝማች ግራውን። ደጃዝማች የደጁ አዝማች ነው፤ ደጁ ደግሞ የንጉሡ ድንኳን ደጅ ነው። ባላምባራስ የአምባ አለቃ ነው። ራስ ከሁሉም በላይ ነው፣ ስሙ ራሱ ይናገራል። ሠራዊቱ ሲጓዝም ሲሰፍርም ይህንኑ ቅርጽ ይዞ ነበር። ስለዚህ ሰው ማዕረጉን ሲናገር ጦር ሜዳ ላይ የሚቆምበትን ቦታ መናገሩ ነበር።

ተማሪዎቼ በጣም የሚወዱት ግን ሊቀ መኳስን ነው። ሊቀ መኳስ በውጊያ ቀን የንጉሡን ልብስ ለብሶ፣ ንጉሡን መስሎ የሚታይ ባለሥልጣን ነበር። ጠላት ንጉሡን አገኘሁ ብሎ የሚያነጣጥረው እሱ ላይ ነው። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንዷ ተማሪ «ደመወዙ ስንት ነበር?» ብላ ጠይቃኛለች። ጥያቄዋ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። እንዲህ ያለውን ሥራ ሰው በደመወዝ ይገባበታል?

በኋላ ማዕረጎቹ ከቦታቸው ራቁ። ፊታውራሪ ተብሎ አንድም ቀን ከፊት ሳይቆም ያረጀ ሰው ሞልቷል። የመሬት ክርክር ሲዳኝ የኖረ ግራዝማችም ብዙ ነበር።

ታዲያ ማዕረግ የሚገኘው በጦር ሜዳ ብቻ ነበር?

አልነበረም። ግን ጦር ሜዳ ሰፊው በር ነበር። ከውጊያ የተመለሰ ሰው ግዳዩን ከጌታው ፊት ጥሎ ይፎክራል። የትኛው ወንዝ ላይ ማንን እንደጣለ በስም ይዘረዝራል። ግብር ላይ ሲቀመጥ ቦታው ከፍ ይላል። ሹመቱ፣ ጉልቱ፣ የክብር ልብሱ ይከተላል። ለድሃ ልጅ ከዚህ የፈጠነ መወጣጫ አልነበረም።

ባልቻ ሳፎን ውሰዱ። በልጅነታቸው ጦር ሜዳ ላይ ተገኝተው በምኒልክ ቤት ያደጉ ናቸው። የበጅሮንድ ማዕረግ ይዘው ነበር፤ ይህ የግምጃ ቤት ሹመት ነው። ሆኖም አድዋ ላይ የታወቁት በመድፍ ነው። ፊታውራሪ ገበየሁ እዚያው ሲወድቁ ሕዝቡ እንዲህ ብሎ ገጠመ፦

ገበየሁ ቢሞት ተተካ ባልቻ፣
መድፍ አገላባጭ ብቻ ለብቻ።

ባልቻ ደጃዝማች ሆኑ። ከአድዋ 40 ዓመት በኋላም፣ በስተርጅና፣ ጣሊያንን ሲዋጉ ነው የሞቱት። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም ገና ወጣት ሳሉ የተማረኩ ሰው ናቸው። በ1900 ዓ.ም ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። እሳቸው ግን ከጦሩ እኩል የሚነሱት በፍርዳቸው ነው።

በሌላ በኩል ነጋድራስ የሚባል ማዕረግ አለ። የነጋዴ አለቃ ማለት ነው። ጅማን ለመሰለ የገበያ አገር ነጋድራስ ከብዙ ቀኛዝማች በላይ ጉልበት ነበረው። ጥይት ሳይተኩስ። በዘር የሚወረስ ሹመትም ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ሰው ሹመትን ስለምን ይፈልግ እንደነበር ይነግረናል። እዚህ ተረት ውስጥ ስለ ውጊያ አንድም ቃል የለም።

ንጉሥ ራሱ ከፊት ሆኖ ቢዋጋ አይሻልም?

ለልብ ይሻላል። ለሠራዊት ግን አደጋ ነው።

በየካቲት 1535 ዓ.ም ወይና ደጋ ላይ ኢማም አሕመድ ኢብራሂም፣ ብዙዎቻችን ግራኝ አሕመድ የምንላቸው፣ በጥይት ወደቁ። ለ15 ዓመት ገደማ ሲያሸንፍ የኖረው ጦር በዚያው ቀን ተበተነ። ያሸነፉት አፄ ገላውዴዎስ ናቸው። እሳቸውም በ1551 ዓ.ም ከኢማሙ ተከታይ ከኑር ጋር ሲዋጉ ጦር ሜዳ ላይ ሞቱ። ሁለቱም ደፋሮች ነበሩ። ሁለቱም ያሟሟታቸው አንድ ዓይነት ሆነ።

ከሁሉም የሚያመኝ መተማ ነው። መጋቢት 1881 ዓ.ም። አፄ ዮሐንስ ጉንደትና ጉራ ላይ ያሸነፉ ንጉሥ ናቸው። መተማ ላይም ጦራቸው የሱዳን ደርቡሾችን ምሽግ ሰብሮ እየገባ ነበር። ድሉ እጅ ላይ ነበር። ንጉሡ ግን ከፊት ነበሩና ተመቱ። ወሬው በሠራዊቱ ውስጥ ሲሰማ ያ ሁሉ ጦር ወደ ኋላ አለ። የተያዘው ድል ተለቀቀ። በቀናት ውስጥ አስከሬናቸው ሳይቀር በጠላት እጅ ገባ። እስቲ አስቡት፤ ከሰዓታት በፊት ያሸነፈ ሠራዊት ነው። ክንዱ አልደከመም፣ ጥይቱ አላለቀም። የተመታው አንድ ሰው ነበር፤ ግን ሁሉም ነገር የታሰረው በእሱ ነበር። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ዋናው ነጥብ ይህ ነው። መሪው ጎበዝ ተዋጊ መሆኑ አልከፋም። ክፉው ነገር፣ ሠራዊቱ ከእሱ ሌላ ማሰሪያ አለማግኘቱ ነው።

አፄ ቴዎድሮስን ደግሞ ከሌላ ወገን እዩአቸው። የቋራው ካሣ ከሽፍትነት ተነስተው ንጉሠ ነገሥት የሆኑት በክንዳቸው ነው። በ1845 ዓ.ም አይሻል ላይ ራስ ዓሊን አሸነፉ፣ በ1847 ዓ.ም ዘውድ ጫኑ። የፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ ነበር። በ1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ ሲሞቱ ግን አብዛኛው ሠራዊታቸው ቀደም ብሎ ጥሏቸው ሄዶ ነበር። ጀግንነታቸው አልቀነሰም። የሸሸው ሰው ነው፤ የሸሸውም ከጭካኔያቸው ነው። ክንድ ዘውድ ላይ ያደርሳል። ዘውዱን አጽንቶ ለማቆየት ሌላ ነገር ይጠይቃል።

አባ ጅፋር ሳይዋጉ ለምኒልክ ገበሩ። ፈሪ ነበሩ ማለት ነው?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ የጅማ ሰው ስለሆንኩ። መልሴ አይደለም ነው። ምክንያቴን ልዘርዝር።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ሥልጣን ላይ የወጡት በ1870 ዓ.ም ነው። ገና ወጣት ነበሩ። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1874 ዓ.ም መጨረሻ፣ እምባቦ ላይ ትልቅ ጦርነት ተደረገ። የተዋጉት የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ከጠባቸው ምክንያቶች ዋናው ከጊቤ ወዲህ ያለውን የቡና፣ የወርቅና የዝሆን ጥርስ አገር ማን ይያዝ የሚለው ነበር። ማለትም እኛን። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። የምኒልክ ወገን የራስ ጎበና ፈረሰኛና ጠመንጃ ነበረው። ጅማ ያላት ጦርና ጋሻ፣ ፈረስና ኬላ ነበር። ወጣቱ ንጉሥ ይህን ቆጥረው አዩ። እናታቸው ጉሚቲም እንዲገብሩ መክረዋቸዋል ይባላል።

ያገኙት ውል ምን ነበር? ግብር በየዓመቱ ይከፍላሉ። በምትኩ ጅማ በራሷ ንጉሥ፣ በራሷ ሹማምንት ትተዳደራለች። በአብዛኛው የእሳቸው ዘመንም ከውጭ የመጣ ወታደር ጅማ መሬት ላይ አልሰፈረም። ይህ ከ40 ዓመት በላይ ቆየ። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ሳይቃጠል ዘለቀ።

ጎረቤቶቻችንን እንመልከት። ወላይታ በካዎ ጦና መሪነት በ1887 ዓ.ም ተዋጋ፤ እልቂቱ ከባድ ነበር። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1889 ዓ.ም ለወራት ተዋግተው በመጨረሻ ተያዙ። በሰንሰለት ታስረው ተወሰዱ፤ አገራቸውም ሰው አልባ እስኪመስል ተጎዳ። ለእነዚህ ሰዎች ያለኝ ክብር ትልቅ ነው። በውጊያ ችሎታ ካወዳደርናቸው ከአባ ጅፋር ይበልጣሉ ብል አላፍርም። ሕዝቡን ከእሳት ያወጣው ግን አባ ጅፋር ነው ቢባል ሐሰት የለውም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መደበቅ አልፈልግም። አባ ጅፋር ከገበሩ በኋላ በምኒልክ ዘመቻዎች ላይ ጦር አዋጥተዋል፤ የከፋው አንዱ ነው። ሰላሙ ለጅማ እንጂ ለጎረቤት አልነበረም። ደግሞም በዚያ ሰላማዊ ገበያ ከቡናና ከማር ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ሳልነግራቸው ከጅሬን አልወርድም።

አባ ጅፋር ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ ነበር ይባላል። ግዙፍ ሰው መሪ መሆን ይቀለዋል?

ለመታየት ይቀለዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደጋግመው ያዩት ነገር አለ፤ ሰው የጦርነት ወሬ ሲሰማ ጠንካራ የሚመስለውን መሪ ይመርጣል። ወሬው ሲበርድ ለስላሳውን ፊት ይወዳል። ምርጫው ከጭንቅላታችን ሳይሆን ከፍርሃታችን የሚመጣ ይመስለኛል።

የሚገርመኝ ግን የእኛው ንጉሥ ነው። በቁመታቸው ሰውን ሁሉ ቁልቁል ያዩ ነበር፤ የሚታወሱት ግን ባልተዋጉት ውጊያ ነው።

ለምንድነው መሪዎች በፈረስ ስም የሚጠሩት?

ጅፋር የፈረስ ስም ነው። አባ ጅፋር ማለት የጅፋር ጌታ ማለት ነው። የጅማ ነገሥታት፣ አባ ርቡ፣ አባ ቦቃ፣ አባ ጎሞል፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። የአባ ጅፋር የራሳቸው ስም ቱሉ ነበር። ፈረስ የሌለው ሰው ተዋጊ አይባልም ነበርና ስሙ ራሱ የተዋጊነት ምስክር ወረቀት ነበር።

በሰሜኑ ደግሞ የፈረስ ስሙ መፈክር ይመስላል። እነዚህን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። ዮሐንስ አባ በዝብዝ። ምኒልክ አባ ዳኘው። ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የጦር ሜዳ ቃል ናቸው። ዳኘው የችሎት ቃል ነው። መላ የምክር ቃል ነው። ጠቅል መሰብሰብ ነው። ሁሉም ፈረስ ላይ ተቀምጠው ነው የተጠሩት፤ ግን አንዱ መታጠቅን፣ አንዱ መዳኘትን መረጠ። ይህን ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ተማሪዎች ራሳቸው ይደርሱበታል፤ እኔ መናገር አያስፈልገኝም።

አባ ዳኘው እምባቦ ላይ የማረኳቸው ተክለ ሃይማኖት ከ14 ዓመት በኋላ አድዋ ላይ ከጎናቸው ተሰልፈው ተዋግተዋል። ምኒልክን በጎራዴ የሚበልጥ ሰው በሠራዊቱ ውስጥ ሞልቶ ነበር። የትናንት ጠላቱን አንድ ድንኳን ውስጥ አስቀምጦ ማዋጋት የሚችል ግን ብዙ አልነበረም።

በገዳ ሥርዓት ዋናው መሪ ተዋጊ መሆን ነበረበት?

ገዳ ይህን በብልሃት ለይቶታል። አባ ገዳ አለ፣ አባ ዱላ አለ። አባ ዱላ የጦር መሪ ነው። ሥልጣኑ በስምንት ዓመት ይገደባል። ጎበዝ ተዋጊ ስለሆንክ ብቻ ሁሉን ነገር ጠቅልለህ አትይዝም።

በጊቤ አካባቢ ግን ነገሩ ተለወጠ። አንዳንድ ብርቱ የጦር መሪዎች ጊዜያቸው ሲያልቅ አልለቀቁም። ከውጊያና ከንግድ ያገኙት ሀብት ነበራቸው፣ ተከታይም ነበራቸው። የጅማና የጎረቤቶቿ ነገሥታት የተነሱት ከዚህ ነው። ጅማ ላይ ይህን የፈጸሙት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ናቸው፤ በ1820ዎቹ። ስለዚህ የዙፋኑ ሥር ጦር ነው። የወንድማቸው የልጅ ልጅ፣ የዳግማዊ አባ ጅፋር ዙፋን ግን በግብርና በድርድር ቆመ።

ሴቶችስ? ማዕረግ ነበራቸው፣ ግን ይዋጉ ነበር?

እቴጌ ጣይቱ አድዋ የዘመቱት የራሳቸውን ጦር ይዘው ነው። ትልቁ ሥራቸው ግን መቀሌ ላይ ነው። ምሽጉ በጥይት እምቢ ሲል የጣሊያኖቹ የውኃ ምንጭ ይያዝ ያሉት እሳቸው ናቸው። ምንጩ ተያዘ። ምሽጉ ከጥም የተነሳ ተለቀቀ። ምሽጉን ለመስበር ስንት ሰው ወድቆ እንደነበር ስታስቡ፣ ያቺ አንዲት ሐሳብ ከስንት ጎራዴ ትበልጣለች?

በአርበኝነቱ ዘመን ማዕረግ የተሰጠው በደንብ ለተዋጋ ነው?

ለአንዳንዱ አዎ፣ ለአንዳንዱ አይደለም። ቁስሉም እስከ ዛሬ ያልደረቀው ለዚህ ነው።

ጃገማ ኬሎ ጫካ ሲገቡ 15 ዓመታቸው ነበር። የበጋው መብረቅ ተባሉ። ከድል በኋላ መደበኛ ጦር ውስጥ ገብተው ሌተናል ጄኔራል ደረሱ። በ2009 ዓ.ም ነው ያረፉት። በእኛ በኩል ገረሱ ዱኪ ነበሩ፤ አባ ቦራ። ሰኔ 1933 ዓ.ም ጅማ ከጣሊያን እጅ ስትወጣ በዙሪያዋ ሲዋጉ ከነበሩት የአርበኛ መሪዎች አንዱ ናቸው። ደጃዝማች ሆነዋል።

በላይ ዘለቀ ግን አሉ። አምስት ዓመት ጎጃም ላይ ለጣሊያን አልተኙለትም። ደጃዝማች ተባሉ፣ የሚያስተዳድሩት አገርም ጠባብ ሆነ። ከዚያ በላይ ይገባቸዋል ያለ ብዙ ነበር፣ እሳቸውም ቅር ተሰኙ። ከመንግሥት ጋር ተጣልተው ጥር 1937 ዓ.ም በስቅላት ሞቱ። ይህን ስጽፍ አሁንም ይከብደኛል። የተዋጋው ሰው ሹመት ሲጓደልበት ማዕረግ የሚለው ቃል ራሱ ይጎድፋል።

ዛሬ አንድ ጄኔራል ከወታደሩ የተሻለ ተኳሽ መሆን አለበት?

የለበትም። ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ካራማራ ላይ ተዋግተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ በርጩማቸውን ወደ በሩ አስጠግተው ያወሩናል። አንዴ አብሯቸው የተዋጋ የአንድ ጓደኛቸውን ነገር አጫወቱኝ። በሻምበሉ ውስጥ እሱን የሚያህል ተኳሽ አልነበረም። ፍርሃት የሚባል አያውቅም። የጓድ መሪ አድርገው ሾሙት። «ካርታ ሲሰጡት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር» አሉኝ። ሰው ማዘዝ አልቻለም፤ ሁሉንም ነገር ራሱ ሮጦ ይሠራ ነበር። ከሳምንት በኋላ ራሱ አለቃውን ለምኖ ወደ መትረየሱ ተመለሰ። «ሲመለስ ፊቱ በራ» አሉ፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው።

በዓለም ላይም እንዲሁ ነው። በ1936 ዓ.ም የኖርማንዲን ዘመቻ የመሩት አይዘንሃወር ከዚያ በፊት አንድም ጊዜ ጦር ግንባር ላይ ተሰልፈው አያውቁም ነበር። በ1946 ዓ.ም ዲየን ቢየን ፉ ላይ ፈረንሳይን ያሸነፉት የቬትናሙ ጂያፕ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። ይህቺን ለሙያ ባልደረቦቼ ደስ ብሎኝ ነው የምነግራቸው።

ማዕረግና ሥልጣንም ራሳቸው ይለያያሉ። ሰኔ 1966 ዓ.ም ደርግ ሲቋቋም አባላቱ ከሻለቃ ጀምሮ ወደ ታች ያሉ ነበሩ፤ ሻለቃ ትልቁ ነበር። ጄኔራሎቹን ያሰሩት እነሱ ናቸው።

በእንስሳት ዘንድስ? አለቃው ሁሌ ጉልበተኛው አይደለም?

ማታ ከከተማችን ዳር የሚጮኸውን ጅብ ጠይቁት። በጅብ መንጋ የበላይዋ ሴት ናት። ልጇ ደረጃዋን ከእናቷ ትወርሳለች። ሁለት ጅቦች ሲጣሉም ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ደጋፊ የበዛለት ነው። ጥርሱ የረዘመው አይደለም።

ይህን ታሪክ ጅማ ውስጥ የት ማየት እችላለሁ?

ሁለት ቦታ። አንዱ መሃል ከተማ ያለው ሙዚየም ነው፤ የአባ ጅፋር መገልገያዎች እዚያ አሉ። ሁለተኛው ጅሬን ነው። ከከተማው ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ዳገቱን ባጃጅ ይወጣዋል። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ ይጨናነቃል፤ በሌላ ቀን በጠዋት ውጡ። ቤቱ የእንጨት ነው። በረንዳው ላይ ስትቆሙ ፊታችሁን ወደ ከተማው አድርጉ። ንጉሡ ከዚያ ላይ ሆነው ወደ ገበያው የሚጎርፈውን ሰው ሁሉ ማየት ይችሉ ነበር።